በትኩሱ የተሸፈነ ሪሲቨር

ሳጅን ዘሪሁን ያን ሰኞ ጠዋት ቢሮ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነበር። ምን ያድርግ! ጋሽ ባንተአምላክ እሑድ ሳሎናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጠርጣሪው በካቴና ታስሮ ባጃጅ ላይ ተጫነ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አለቃው ኢንስፔክተር ኢፍቱ ሀሰኖ ለሌላ ጉዳይ አርቦዬ ከተማ ሰንብታ ገና መግባቷ ነው፤ የመንገዱን አቧራ እንኳ አላራገፈችም። ከኪሷ የገብስ ቆሎ እየዘገነች፣ ወንበሩ ላይ በጎን ተቀምጣ አዳመጠችው።

«ሟቹ ጡረተኛ ናቸው» አለ ዘሪሁን። «ጭንቅላታቸው ከብረት ሳጥን ጥግ ጋር ተጋጭቷል። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተገኝቷል፤ ግብግብ ነበር ማለት ነው። ገፍትሮ የጣላቸው ጎረቤታቸው ሰኢድ ነው፤ ጎሚስታው።»

«ሲገፈትር ያየ አለ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል! ሰውዬው ሙዚቃ የሚሰሙበትን ያን ግዙፍ ሪሲቨራቸውን ለቀውት ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰኢድ አጥሩ ጋ ቆሞ ‹ዛሬስ ራሴ ገብቼ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ!› ብሎ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ሙዚቃው ጠፋ። ባለሱቋ ሮሐ ደግሞ ሰኢድን በራቸው ላይ አይታዋለች። አለቀ!»

«ሙዚቃው ጠፋ» ብላ ደገመችው ኢፍቱ። «እንዴት ጠፋ?»

«እንዴት ጠፋ ማለት? ጠፋ ነዋ!»

ያቺን «ጠፋ ነዋ» ዘሪሁን በኋላ ስንቴ አፈረባት መሰላችሁ!

«ቶሌ፣ እሺ» አለች ኢፍቱ ቆሎዋን ወደ ኪሷ እየመለሰች። «እንሂድና እንየው።»

መንገድ ላይ ዘሪሁን አንድ ነገር ሳይነግራት ቀረ። ሰኢድን ያሰረው ደጅ ላይ፣ ሰፈርተኛው ቆሞ እያየ ነው። የሰኢድ ሚስት ነቢላ አራስ ናት። ከቤት መውጣት የማይገባት ሴት ጋቢ ተከናንባ፣ ጨቅላዋን ታቅፋ እስከ አጥሩ በር መጥታ «ኧረ በአላህ! ባሌ ሰው አይገድልም!» ስትል፣ እሱ «ግቢ ወደ ውስጥ!» ብሎ ጮኸባት። ትናንት ጉብዝና መስሎት ነበር። ዛሬ ግን የገዛ ጩኸቱ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ጨቀጨቀው። «ሥራ ነው» እያለ ራሱን አባበለ።

ለቅሶው ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ነው፤ ሳሎኑ ታሽጓል። ኢፍቱ ማሸጊያውን አስነስታ ገባች። የብረት ሳጥኑን ጥግ አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ዞራ ሪሲቨሩ ፊት ቆመች። ከሁለት ትልልቅ ስፒከሮች መሐል፣ ከካሴት ማጫወቻው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከላዩ ነጭ የናይለን ዳንቴል ለብሷል።

«ማን ሸፈነው?»

«ለቀስተኛ ይሆናል። እኔ ስደርስም ተሸፍኖ ነበር» አለ ዘሪሁን። «ለቅሶ ቤት አይደል? ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ይሸፈናል፤ ወጉ ነው።» እንዲያውም ትናንት ሲያየው ሰፈሩ ወግ ያውቃል ብሎ በልቡ አመስግኖ ነበር።

ኢፍቱ ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

ይህን ሪሲቨር የማያውቅ የአሰላ ሰው ጥቂት ነው። ስዊድኖቹ የእርሻ ፕሮጀክታቸውን ይዘው እዚህ በነበሩ ጊዜ ጋሽ ባንተአምላክ ሾፌራቸው ነበሩ፤ አንዱ አገሩ ሲገባ ለእሳቸው ትቶት ሄደ። የጃፓን ሥራ ነው። ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ከቦታው የማይነሳ። ማዞሪያዎቹ ድፍን ብረት ስለሆኑ ሲያዞሯቸው ክብደታቸው ጣት ላይ ይሰማል። ሲበራ የጣቢያ ሰሌዳው ሰማያዊ ብርሃን ይለብሳል፣ ሁለት መርፌዎች ከዘፈኑ እኩል ይወዛወዛሉ፣ ቤቱ የሞቀ ብረት ይሸታል። የዛሬዎቹ ማጫወቻዎች መጮህ ያውቃሉ፤ ይሄኛው ግን ድምፁ ዝቅ ብሎም እንኳ ባሱ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው ጋሽ ባንተአምላክ እንደ ልጃቸው የሚሳሱለት።

ኢፍቱ ዳንቴሉን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። በግራ በኩል ምንም አልሆነም። በቀኝ በኩል ክሩ ተኮማትሮ፣ ቀዳዳዎቹ ተጨማደው፣ ቡናማ ሆኗል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ቃኘች። የድምፅ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ነው። ድምፁን ለግራና ለቀኝ ስፒከር የሚያካፍለው ማዞሪያ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ዞሯል።

«ፎቶ አንሣው» አለችው። ዘሪሁን ምኑን እንደሚያነሣ ሳይገባው አነሣ።

የሟቹ ባለቤት እትዬ ወለተ ማርያም ድንኳኑ ውስጥ ፊታቸው አብጦ ተቀምጠዋል። ኢፍቱ አጠገባቸው በርከክ አለች።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። አንዲት ነገር ልጠይቅዎት ነው። ዳንቴሉን ማን ነው የሚያለብሰው?»

«እሱ ነዋ ልጄ። ሌላ ሰው መች ያስነካል! ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አያለብሰውም። አንድ ቀን ትኩሱ ላይ ጣል ባደርግበት ‹ወለቴ፣ ትንፋሹን ዘጋሽበት እኮ!› ብሎ ስንት ቀን አኮረፈኝ።»

«ትናንት ከማኅበር ሲመለሱስ?»

«ለብሶ ነበር መሰለኝ። ምኑን አየሁት! እሱን ነው ያየሁት» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የለበሰ ሪሲቨር ያየ ሁሉ ለቅሶ ነው ብሎ አለፈው» አለች ኢፍቱ ወደ ሱቁ ሲሻገሩ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ዘሪሁን አንገቱ ሥር ሙቀት ተሰማው።

ሮሐ ስኳር እየሰፈረች ነው ያነጋገረቻቸው። «ወይ ጉድ፣ ያን ቀን እኮ ጆሮዬን በላኝ! ያችኑ ካሴት እየመለሱ እየመለሱ! ዘፋኙ ከፍ ሊያደርግ ሲል ይመልሷታል፤ እንደገና ከፍ ሊያደርግ ሲል ይመልሷታል። ጋሽ ባንተአምላክ እንዲህ አያደርጉም ነበር።»

«ከዚያ እንዴት ጠፋ? እንደተቆረጠ?»

ሮሐ የስኳሩን ጭልፋ አንጠልጥላ አሰበች። «አይ… ቀስ እያለ ነው። ሰው እያንጎራጎረ ከሰፈር ሲርቅ ድምፁ እንደሚጠፋው።»

«ከሰኢድ ሌላ ሰው ሲገባ አይተሻል?»

«በዚህ በር አላየሁም። የጓሮውን በር ደግሞ ከዚህ ሆኜ የት አየዋለሁ?»

የእትዬ ወለተ ማርያም ወንድም ይስሃቅ እዚያው ቤት ነው የሚኖረው። ሪሲቨሩን እንሽጠው ብሎ ከአዲስ አበባ ደላላ ድረስ አምጥቶ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ ነበር። ዘሪሁን ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ትናንት አልጠየቀማ!

«እኔ ኳስ ቤት ነበርኩ፤ ግማሽ አሰላ አብሮኝ ጮኋል» አለ ይስሃቅ። «ያን ብረት ስለማልወደው ነው የምትጠይቂኝ? አዎ አልወደውም። ማብሪያውን ተጭኜ ላጥፋው ስል ስፒከሩ ‹ድም!› ይላል፤ ‹መጀመሪያ ድምፁን አውርደው፣ አንተ አረመኔ!› እባላለሁ። ሰው ለዕቃ እንዲህ ይሆናል?»

ከድንኳኑ ዳር፣ አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው የተቀመጡት ሽማግሌ ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው፤ የሬዲዮ ጠጋኝ፣ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ቤታቸው ከጓሮው ወዲያ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ይባላል።

«ሪሲቨሩን ማን ነው የሚጠግነው፣ ጋሽ ኃይለየሱስ?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይከፍተዋል እንዴ! አምና ተበላሽቶ እኔ ነኝ ያዳንኩት።»

«አሁንስ ደህና ነበር?»

«ልክ እንደ ዱሮው ነው የሚጫወት።» ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ሲያመኝ ከርሞ፣ ከጥምቀት ወዲህ እዚህ ቤት አልገባሁም።»

«እግዜር ይማርዎት» አለች ኢፍቱ። ሌላ አልጠየቀችም።

የቀረው ሰኢድ ነው። ከእስር ክፍሉ ሲወጣ ጎማ ያጠቆራቸው እጆቹ ካቴና ውስጥ ናቸው፤ ዘሪሁን ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«በሩ ድረስ ሄጃለሁ፣ አልዋሽም» አለ ሰኢድ። «ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ድምፁ እየወረደ ሄደ። ሰሙኝ ብዬ አፈርኩ። ትልቅ ሰው ላይ መጮኼ ቆጨኝና ተመለስኩ። ጋሼ እኮ ነቢላ ከወለደች ጀምሮ ‹አራስ አለች› ብለው በራሳቸው ድምፅ ቀንሰው ነበር። ያን ቀን ምን እንደነካቸው አላውቅም።»

«እኔ ግን አሁን አወቅሁ» አለች ኢፍቱ።

በሠልስቱ ዕለት ኢፍቱ እትዬ ወለተ ማርያምን ለብቻቸው አነጋግራ ከወጣች በኋላ፣ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ አልጋ ወንበሩ ላይ፣ ሮሐ አጠገባቸው፣ ይስሃቅ በሩ ጋ፣ ጋሽ ኃይለየሱስ የብረት ሳጥኑ ፊት ለፊት። ሰኢድ ከነካቴናው ከዘሪሁን ጎን ቆሟል። ማንም ማንንም አያይም። ኢፍቱ ወደ ሪሲቨሩ ሄደችና አበራችው።

ሰሌዳው ሰማያዊ ሆነ። ካሴቱን ለቀቀችና ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ከቀኙ ስፒከር ደግሞ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አንድ የሚያስጠላ መሰንጠቅ መጣ። ሮሐ አፏን በእጇ ያዘች። ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታ ተነሣ። ይስሃቅ «እንዴ! ሴትዮ አበድሽ?» አለ፣ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሰኢድ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል።

«ነውር ነው!» ጋሽ ኃይለየሱስ ነበሩ። ብድግ ብለው ሲሄዱ ሕመምተኛ አይመስሉም። «ሰው ሞቶ! በሠልስቱ!» እጃቸው ሳይፈልግ ማዞሪያውን አገኘው፤ ድምፁን ቀስ አድርገው እስከ ዜሮ አወረዱት፣ መርፌዎቹ እስኪተኙ ጠበቁ፣ ከዚያ አጠፉት። አጥፍተውም አልተመለሱም። ዳንቴሉ እንደሌለ ሲያዩ የራሳቸውን ነጠላ ከአንገታቸው ፈትተው ሪሲቨሩ ላይ አለበሱት።

ከዚያ እጃቸው ነጠላው ላይ ቀረ።

«አመሰግናለሁ ጋሽ ኃይለየሱስ» አለች ኢፍቱ ለስለስ ብላ። «እሑድ ዕለትም እንዲሁ አደረጉ።»

ኢፍቱ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ሰኢድ ሶኬት እነቅላለሁ አለ። ሶኬት ቢነቀል ሙዚቃው በአንዴ ቀጥ ይላል። ይስሃቅም ቢሆን ማብሪያውን ነው የሚጫነው፤ ‹ድም› ይላል። ሮሐ የሰማችው ግን ቀስ እያለ የወረደ ድምፅ ነው። በንዴት የመጣ ሰው እንዲህ አያጠፋም። ይህን ዕቃ የሚያውቅ፣ ስፒከሩ እንዳይጎዳ የሚሳሳ ሰው ነው ያጠፋው።»

«ታዲያ እሱ ራሱ አጥፍቶት ቢሆንስ?» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም።

«እኔም ይህን አስቤ ነበር፣ እትዬ። ግን ዳንቴሉ ተጨማድዷል። ሪሲቨሩ ገና እንደ ምጣድ ሲግል ነው የተጣለበት። ጋሽ ባንተአምላክ ከነሕይወታቸው ይህን አያደርጉም። እርስዎ ከማኅበር እስኪመለሱ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ለቀስተኛ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ቢያለብሰው ክሩ አይኮማተርም። እንግዲህ አስቡት፤ አጠፋፉን የሚያውቅ ሰው፣ ትኩስ እንደማይሸፈንም ያውቃል። ለምን ሸፈነው? ለአቧራ አይደለም። ለለቅሶ ነው! ሁላችንም እንደምናደርገው። ጋሽ ባንተአምላክ መሞታቸውን ከእርስዎ በፊት፣ ከሰፈሩ በፊት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ያውም የሚያከብራቸው ሰው።»

ዘሪሁን ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። ያን ዳንቴል እሱ ነው ያየው፤ እሱ ነው «ወጉ ነው» ያለው።

«ሌላም አለ» አለች ኢፍቱ። «ድምፁ በሙሉ ወደ ቀኝ ስፒከር ዞሮ ነበር። አንድ ቦታ እየተመለሰ ይጫወት ነበር። አራስ አለች ብለው ድምፅ የቀነሱ ሰው ያን ዕለት ለቀቁት። ሰው ለብቻው ሆኖ እንዲህ ሙዚቃ አይሰማም። ‹ስማ! ቀኙ ሲሰነጠቅ ስማ!› እያሉ ለሌላ ሰው ያሰሙ ነበር። የተበላሸ ሬዲዮ ለማን ነው የሚያሰሙት? ለጠገነው ሰው።» ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። «ትናንት በሌላ ጠጋኝ አስከፈትኩት ብል ውሸት ነው፤ አልከፈትኩትም። ግን ቀኙ ብቻ ለምን እንዲህ እንደሚግል እርስዎ ቢነግሩን ይሻላል።»

ጋሽ ኃይለየሱስ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ወንበር አጠገባቸው እያለ ወለሉ ላይ።

«እኔም አንድ አለኝ፤ የዚህ ታናሽ» አሉ። «እንደዚህ አይዘፍንም። ባንተአምላክ ቤት ሰምቼ ስመለስ የራሴ ያስጠላኛል። አምና ከፍቼው ሳለሁ፣ የቀኙን ድምፅ የሚያጎሉትን ትራንዚስተሮች አወጣሁና የራሴ ውስጥ ከተትኳቸው። ለእሱ ከገበያ የተገኘውን አደረግሁለት። አይገባውም ብዬ ነበር። እሱ ግን ጆሮ አለው… ያን ዕለት በጓሮ ጠርቶኝ ‹ኃይሌ፣ ስማ› እያለ ደጋግሞ አሰማኝ። አልተሰማኝም አልኩት። ‹ያንተ ቤት ሄጄ ሰምቼዋለሁ እኮ፤ የእኔ ድምፅ አንተ ቤት ነው ያለው› አለኝ። ሳይሰድበኝ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልወጣ ስል ሸሚዜን ያዘ፣ እኔም ያዝኩት፣ ገፋሁት… ወደቀ።»

«ሙዚቃውስ?» አለች ኢፍቱ።

«ጓደኛዬ ሞቶ እንዴት ይዘፈናል?»

እትዬ ወለተ ማርያም ድምፅ ሳያሰሙ እንባቸው ወረደ። «ኃይሌ፣ ይህን ልጅ ሲያስሩት ቆመህ አየህ አይደል?»

«አየሁ።» ሽማግሌው ሰኢድን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ገፍቼው ሞተ ማለት አላቃተኝም፣ ወለተ ማርያም። ለምን ተጣላችሁ ሲሉኝ ሰረቅሁት ማለት ነው ያቃተኝ። ያፈርኩት በስርቆቱ ነው። በእሱ እፍረት ይህን ልጅ ላሳስር ነበር።»

ዘሪሁን የካቴናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሰኢድ ተጣደፈ። ቶሎ ፈትቶ ቶሎ ለመገላገል ነው የፈለገው። ሰኢድ ግን እጁን ሰበሰበ።

«እዚህ አይደለም ሳጅን።»

«ምን… እንዴት?»

«ደጅ ላይ ነው ያሰርከኝ። ሰው እያየ። ሚስቴ እያየች።»

ዘሪሁን ወደ ኢፍቱ ዞረ፤ ኢፍቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ረዳት እንደሌለው ገባው። ሰኢድን ከፊት አስቀድሞ በድንኳኑ መሐል አለፈ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ እሑድ ዕለት «እሱ ነው! እሱ ነው!» ያለው ሁሉ፣ አፉን ዘግቶ አየ። ከግቢው በር ውጭ፣ እሑድ ነቢላ ቆማበት በነበረው አጥር ፊት ሲደርሱ ሰኢድ ቆሞ እጆቹን ዘረጋ። ነቢላም ከድንኳኑ የተነሣውን ጫጫታ ሰምታ ወጥታለች፤ ጋቢዋን እንደተከናነበች፣ ልጇን እንደታቀፈች።

ቁልፉ ከዘሪሁን እጅ ወድቆ አቧራው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ማንም አልረዳውም። አግኝቶ፣ በሱሪው ጠርጎ ፈታው።

«ይቅርታ» አለ።

«አልሰማሁህም» አለ ሰኢድ።

«ይቅርታ አድርግልኝ!» ብሎ ጮኸ ዘሪሁን፤ በዚያው ነቢላን «ግቢ ወደ ውስጥ!» ባለበት ድምፅ። ጨቅላው ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ዘሪሁን ወደ ነቢላ ዞሮ፣ አሁን ድምፁን እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አንቺም» አለ።

ሰኢድ የእጁን አንጓ አሻሸ። ሁሉም አሁን ቤቱ ይገባል፣ ልጁን ያቅፋል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ለነቢላ «መጣሁ» አላትና ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሰዉ ቦታ ሊለቅለት ሲሽቀዳደም፣ በሩ ጋ ባለችው ባዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እስካሁን ለቅሶ አልደረስኩም» አለ። «ታስሬ ነበር።»